ተራ አስከባሪ የሌለበት ወረፋ፦ ሞገድ ላይ ቆመው የሚቀዝፉ ሰዎች ለምን ቅድሚያ ይለቃሉ?

ጠዋት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሰልፉ ተጠማዞ አስፋልት ሊነካ ደርሷል፣ ሚኒባስ ግን የለም። ድንገት አንድ ታክሲ ከች ይላል። ተራ አስከባሪው ከፊት ያሉትን እየቆጠረ ያስገባል፤ ከኋላ ሮጦ መጥቶ ሊጋፋ የሚሞክር ካለ ሰልፈኛው በሙሉ ይጮህበታል።

አሁን ይህንኑ ሰልፍ ባህር ላይ አስቡት። የቆማችሁበት መሬት ይንቀሳቀሳል። የሰልፉ መስመር አይታይም። ታክሲው የሚቆምበት ቦታ በየጊዜው አስርና ሃያ ሜትር ይቀያየራል። አንዱ ታክሲ የሚጭነው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተራ አስከባሪ ደግሞ የለም።

ሰርፈሮች ይህን ወረፋ “ላይንአፕ” ይሉታል። ሞገዱ መሰበር ከሚጀምርበት ቦታ ትንሽ ወደ ጥልቁ ገባ ብሎ፣ ሰዎች ቦርዳቸው ላይ ተቀምጠው ቀጣዩን ሞገድ የሚጠብቁበት ስፍራ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ከተማ ውስጥ ባለው የላ ሆያ ሾርስ ዳርቻ ቅዳሜ ጠዋት ብትቆሙ ይህን በደንብ ታዩታላችሁ። አብዛኞቹ በደረታቸው ተኝተው በእጃቸው ነው የሚቀዝፉት። መሃላቸው ግን ረጅምና ሰፊ ቦርድ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ በረጅም መቅዘፊያ ውሃውን የሚገፉ ጥቂት ሰዎች አሉ። ስፖርቱ “ስታንድ አፕ ፓድል” ይባላል፤ ባጭሩ “ሳፕ”። እኔ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ “ቆሞ ቀዛፊ” እያልኩ እቀጥላለሁ። እነዚህ ሰዎች ወደ ላይንአፑ ሲጠጉ የተቀመጡት ሰርፈሮች ፊት ትንሽ ኮስተር ይላል። ይህ ኩስትርና ከየት እንደመጣ ለማወቅ መጀመሪያ ፊዚክሱን ማየት አለብን።

ሞገዱ ከየት መጣ? ለምንስ ያንሳል?

“ውቅያኖስ ሙሉ ሞገድ እያለ ምን ያጋፋቸዋል?” ትሉ ይሆናል። ለግልቢያ የሚሆን ሞገድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በሰኔና በሐምሌ ላ ሆያ ላይ የሚሰበረው ጥሩ ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ የተወለደው ከምድር ወገብ በታች፣ ወደ አንታርክቲካ በሚጠጋው ባህር ላይ በተነሳ ማዕበል ነው። ይህን በልኬት ካሳዩት ሳይንቲስቶች አንዱ ዋልተር መንክ ይባላል። እዚያው ላ ሆያ ዳርቻ ላይ በሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 እሱና ባልደረቦቹ ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ ድረስ የመለኪያ ጣቢያዎችን ደርድረው፣ በደቡቡ ባህር የተነሱ ሞገዶች ፓስፊክን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጡ ተከታተሏቸው። ከ10 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ማለት ነው።

ጉዞው ስንት ቀን ይፈጃል? ልናሰላው እንችላለን። ጥልቅ ውሃ ላይ የአንድ ሞገድ ጫፍ ፍጥነት በሰከንድ ሜትር ሲለካ፣ የሞገዱ ክፍለ ጊዜ (ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ሰከንድ) በ1.56 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ክፍለ ጊዜው 16 ሰከንድ ከሆነ 25 ሜትር በሰከንድ። የሞገዱ ጉልበት ግን የሚጓዘው በዚህ ግማሽ ነው፤ 12.5 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 45 ኪሎሜትር። በቀን 1,080 ኪሎሜትር። ስለዚህ 10 ሺህ ኪሎሜትር ርቆ የተነሳ ሞገድ ዳርቻው ላይ የሚደርሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። (በነገራችን ላይ ጣናም ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገድ አለ። ነገር ግን ነፋሱ የሚሮጥበት ውሃ ቢበዛ 80 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ ሞገዶቹ አጫጭርና ተከታትለው የሚንደቀደቁ ይሆናሉ። ለመጋለብ የሚመቸው ረጅም ሞገድ እንዲፈጠር ሰፊ ውሃና ብዙ ሰዓት የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ያስፈልጋል።)

እነዚህ ሩቅ ተጓዦች አንድ ጠባይ አላቸው፤ በቡድን በቡድን ነው የሚመጡት። ክፍለ ጊዜያቸው በጥቂቱ የሚለያይ ሞገዶች ሲደራረቡ አንድ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ሦስት አራት ትልልቅ ሞገዶች ተከታትለው ይመጡና ከዚያ ለብዙ ደቂቃ ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰልፈኛው ቁጭ ብሎ አድማስ አድማሱን ያያል።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አስር ቡድን መጣ እንበል፣ በእያንዳንዱ አራት ሞገድ። ድምር 40። ላይንአፑ ላይ 30 ሰው አለ። እኩል ቢከፋፈሉት ለእያንዳንዱ ከአንድ ትንሽ የሚበልጥ ይደርሰዋል። አሁን ከ30ዎቹ መካከል ሁለቱ ቆሞ ቀዛፊዎች ይሁኑና እያንዳንዳቸው 12 ሞገድ ይውሰዱ። ለቀሩት 28 ሰዎች የቀረው 16 ሞገድ ብቻ ነው። ቢያንስ 12 ሰው ምንም ሳይጋልብ ወደ ቤቱ ይመለሳል። “ሁለት ሰው ምን ያደርጋል?” ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው።

ቅድሚያው የማን ነው?

ዋናው ሕግ በዓለም ዙሪያ አንድ ነው፦ ሞገዱ መሰበር ለጀመረበት ነጥብ በጣም የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው። ሌሎቹ ይተዉለታል። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ የሞገዱን ቅርጽ ስታዩት ግን ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ግልጽ ይሆናል።

አንድ ሞገድ ጥልቀቱ እየቀነሰ ወደሚሄድ ውሃ ሲገባ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይሰበራል። በግርድፉ ሲታይ፣ የሞገዱ ቁመት የውሃውን ጥልቀት 0.78 ያህል ሲደርስ ነው የሚሰበረው። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ሞገድ 1.3 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይሰበራል ማለት ነው። እዚያ ላይ ፍጥነቱ ምን ያህል ነው? ጥልቀት በሌለው ውሃ ፍጥነቱ የስበት ማጣደፊያ (9.8) በጥልቀቱ ተባዝቶ ካሬ ሥሩ ነው። 9.8 ሲባዛ በ1.3፣ ካሬ ሥሩ 3.6 ሜትር በሰከንድ ገደማ።

ጥሩ ሞገድ ግን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ አይሰበርም። ከአንድ ነጥብ ይጀምርና መሰበሩ ወደ ጎን እየሄደ፣ እንደ ዚፕ እየተዘጋ ይሄዳል። ጋላቢው ሁልጊዜ ከዚፑ ትንሽ ፊት፣ ገና ባልተሰበረው ለስላሳ ግድግዳ ላይ ነው መሄድ ያለበት። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዞ አለበት፦ ከሞገዱ ጋር ወደ ዳርቻ፣ ከዚፑ ጋር ደግሞ ወደ ጎን። ዚፑ ወደ ጎን የሚሄደው በዚያው በ3.6 ሜትር በሰከንድ ከሆነ፣ የስምንተኛ ክፍል ትምህርታችሁን አስታውሱና ፓይታጎረስን ጥሩት። የጋላቢው ፍጥነት 5.1 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በሰዓት 18 ኪሎሜትር ማለት ነው፤ በጉዞው ሁሉ ከኋላው የሚፈርስ የውሃ ግድግዳ እየተከተለው።

ይህ ሰው መዘግየት አይችልም፣ ዚፑ ይውጠዋል። ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። መንገዱ አንድ ብቻ ነው። አሁን ከፊቱ ስምንት ሜትር ላይ ሌላ ሰው ሳያይ ሞገዱን ቢይዝስ? አዲሱ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቀጥ ብሎ ወደ ዳርቻ ነው የሚንሸራተተው፤ ወደ ጎን ገና አልታጠፈም። በመካከላቸው ያለው ርቀት በሰከንድ 3.6 ሜትር ይጠባል። ከሁለት ሰከንድ ትንሽ አለፍ ሲል ይገጫጫሉ። ለዚህ ነው ከሰው ፊት ሞገድ ውስጥ መግባት የላይንአፑ ትልቁ ነውር የሆነው። በትራፊክ ቋንቋ፣ ቅድሚያ ያለው መኪና ፍሬን የለውም።

ከዚህ ሕግ የሚወለድ ሌላ ነውር አለ። ቅድሚያው ለመሰበሪያው ነጥብ የቀረበው ሰው ከሆነ፣ አንድ ብልጣብልጥ ሁልጊዜ ከወረፋው ኋላ ዞሮ ወደ ነጥቡ እየተጠጋ “እኔ ነኝ የቀረብኩ” ሊል ይችላል። የሕጉን ፊደል ጠብቋል፣ መንፈሱን ግን በልቶታል። ሰርፈሮች ይህን ከእባብ አካሄድ ጋር ያመሳስሉታል። የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው ሲባል፣ ተራውን ጠብቆ የቀረበው ማለት ነው።

ይህን ዓይነት ብልጠት ከሁሉም በላይ በቀላሉ ሊፈጽም የሚችለው ደግሞ ቆሞ ቀዛፊው ነው።

መቅዘፊያ የያዘው ሰው ምን ትርፍ አለው?

ሦስት ትርፍ አለው። አንዱን በፍጥነት ልለፈው፦ መቅዘፊያው ራሱ። ተኝቶ የሚቀዝፈው በመዳፉ ብቻ ሲጎትት፣ ቆሞ ቀዛፊው ሰፊ ቅጠል ያለው ረጅም ዘንግ ይዞ በእግሩ፣ በወገቡና በጀርባው ጡንቻ ጭምር ይስባል። ይህ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ነው፤ የቦርዱ ርዝመት። ውሃ ላይ የሚሄድ ማንኛውም ነገር የራሱን ሞገድ ይፈጥራል። ፍጥነቱ ሲጨምር ያ ሞገድ እየረዘመ ይሄዳል። የሞገዱ ርዝመት ከቦርዱ ርዝመት ጋር እኩል ሲሆን ቦርዱ በራሱ ሞገድ ጫፎች መካከል እንደ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ለመፍጠን የራሱን ሞገድ ሽቅብ መውጣት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቦርድ በቀዘፋ ብቻ ሊያልፈው የሚያስቸግረው ፍጥነት አለው። ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ሲገለጽ የርዝመቱ ካሬ ሥር በ1.25 ተባዝቶ ነው። 1.8 ሜትር ለሆነ አጭር ቦርድ 1.7፣ ሦስት ሜትር ለሆነ የሳፕ ቦርድ 2.2 ገደማ። (የመርከብ መሐንዲሶችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ስሌት ነው። የማይጣስ ግድግዳ አይደለም፤ ዳገት ነው።)

ልዩነቱ ግማሽ ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው፣ ምን አላት? አላት። ሞገድን ለመያዝ የሞገዱን ፍጥነት መጠጋት አለባችሁ። በ3.6 ሜትር በሰከንድ ለሚመጣ ሞገድ አጭር ቦርድ ላይ ያለው ሰው 1.9 ይጎድለዋል፣ ቆሞ ቀዛፊው 1.4። የጎደለውን የሚሞላው የሞገዱ ቁልቁለት ነው። ብዙ የጎደለው ሰው ሞገዱ በጣም እስኪቆም፣ ሊሰበር አንድ ሐሙስ እስኪቀረው ይጠብቃል። ጥቂት የጎደለው ግን ገና ለስላሳ ኮረብታ ሳለ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ ይይዘዋል። ተቀምጦ ሲጠብቅ የነበረው ሰው መቅዘፍ ሲጀምር ሞገዱ ላይ ቀድሞ የቆመ ሰው አለ።

ሦስተኛው የዓይን ከፍታ ነው። ቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከውሃው በላይ 80 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ትንሽ ሞገድ ከኋላው የሚመጣውን ይጋርድበታል። የቆመው ሰው ዓይን ግን ከ1.6 ሜትር በላይ ነው፤ ከጋራጁ ማዶ ያያል። 50 ሜትር ቀድሞ ቢያይና ሞገዱ በሰከንድ አምስት ሜትር ቢጠጋ፣ አስር ሰከንድ አተረፈ። አስር ሰከንድ ላይንአፕ ላይ ብዙ ነው። ቦታ ቀይሮ፣ ቦርዱን አዙሮ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሦስቱን ደምሯቸው። ቀድሞ ያያል፣ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቀድሞ ይይዛል። አንድም ሕግ ሳይጥስ የሰዓቱን ሞገድ ግማሽ ሊወስድ ይችላል።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ቆሞ መቅዘፍ የለመድኩ ሰሞን ላ ሆያ ሾርስ ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስት ሞገድ ጋለብኩ። አምስቱንም ከመሰበሪያው ነጥብ ጀምሬ ነው የያዝኳቸው፣ ማንም ፊት አልገባሁም። በጣም ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ተመልሼ ስወጣ አጭር ቦርድ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽበታም ሰውዬ ረጋ ብሎ “ስንት ያዝክ?” አለኝ። “አምስት” አልኩት፣ እየሳቅኩ። “እኔ ከነጋ አንድ” አለና ፊቱን ወደ አድማሱ መለሰ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቢሳደብ ኖሮ ሳይቀለኝ አይቀርም።

የቆሞ ቀዛፊ ስነ ምግባር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሰጣችሁን ሁሉ አትወስዱም። አንድ ይዛችሁ ስትመለሱ ወደ መሰበሪያው ነጥብ ሳይሆን ወደ ወረፋው ጠርዝ ትሄዳላችሁ። ቡድን ሲመጣ የመጀመሪያውን ለሌሎች ትተዋላችሁ፤ ሁለተኛውንም። ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚመጣው ሞገድ ሳይያዝ የሚያልፍበት አጋጣሚ አለ፣ ያ የእናንተ ነው። በጣም የተጨናነቀ ቦታ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትገቡም። መቅዘፊያ አላችሁ፤ ግማሽ ኪሎሜትር ርቆ ያለ፣ ተኝቶ ለሚቀዝፍ ሰው የማይመች ለስላሳ ሞገድ ለእናንተ ቅርብ ነው። ሰፈር መቀየር የምትችሉት እናንተ ናችሁ፣ እነሱ አይደሉም።

ከፍታውም ቢሆን መጀመሪያ ለሌላ ሥራ ነበር። በሃዋይ የዋይኪኪ ዳርቻ፣ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ቱሪስቶችን ሰርፊንግ የሚያስተምሩ ወጣቶች ቦርዳቸው ላይ መቅዘፊያ ይዘው ይቆሙ ነበር። ሲቆሙ ተማሪዎቻቸውን ይቆጣጠራሉ፣ የሚመጣውን ሞገድ ቀድመው አይተው ይነግሯቸዋል። እስራኤል ውስጥ አሽዶድ ወይም ኔታንያ የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ “ሐሰኬ” የሚባለውን ሰፊ ጀልባ መሰል ቦርድ ታውቁታላችሁ፤ የባህር ነፍስ አድኑ ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ እየቀዘፈ የሰጠመ ሰው ጋ የሚደርስበት። ሁለቱም ቦታ መቆም ማለት ሌላውን ለማየት መቆም ነበር። ዛሬም ላይንአፕ ላይ የሚወደደው ቆሞ ቀዛፊ ትልቅ ቡድን ከሩቅ ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ “መጣ!” የሚለው ነው።

አስር ኪሎ ጤፍ

ስለ ፍትሐዊነት ብቻ ያወራሁ እንዳይመስላችሁ። የአጭር ቦርድ ክብደት ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። የሳፕ ቦርድ አስር ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ጋላቢው ወድቆ ቦርዱ ከሞገዱ ጋር በአራት ሜትር በሰከንድ ቢወረወር ጉልበቱ የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ነው፦ ለአጭሩ 24 ጁል፣ ለሳፑ 80 ጁል። 80 ጁል ምን ማለት ነው? አስር ኪሎ ጤፍ ከጠረጴዛ ከፍታ ላይ እግራችሁ ላይ ሲወድቅ ማለት ነው። ጤፉ ግን በጆንያ ነው፣ ለስላሳ ነው። ቦርዱ ጠርዝ አለው። የሚያርፈውም እግር ላይ ሳይሆን ከውሃ ላይ ብቅ ያለ ጭንቅላት ላይ ነው።

“የእግር ገመድ አለ አይደል?” አለ። መታሰርም አለበት፣ ያለ ገመድ ሰው መሃል መግባት ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። ነገር ግን ገመዱ የሚታሰረው ቦርዱ ጭራ ላይ ነው። ሦስት ሜትር ገመድ ላይ ሦስት ሜትር ቦርድ ሲጨመር አፍንጫው ከእግራችሁ ስድስት ሜትር ድረስ ይደርሳል፤ ገመዱ ሲለጠጥ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የዚህ ክብ ስፋት 113 ካሬ ሜትር ነው። ለአጭር ቦርድ (1.8 ሲደመር 1.8) 41 ካሬ ሜትር ብቻ። በወደቃችሁ ቁጥር የአንድ መለስተኛ ቤት ግቢ የሚያህል ቦታ ትጠርጋላችሁ።

ስለዚህ ተኝቶ የሚቀዝፍ ሰው ሞገድ ሲመጣበት ከሥሩ ጠልቆ ሊያልፍ ይችላል፣ እናንተ አስር ኪሎ ሰፊ ቦርድ ይዛችሁ አትችሉም። ቦርዱን ለቃችሁ መጥለቅ ያምራችኋል፤ ከኋላችሁ ሰው ካለ ግን መልቀቅ የለም፣ ይዛችሁ ትወድቃላችሁ። የመውጫ መንገዳችሁም በሰዎቹ መሃል አይደለም። ሞገድ በማይሰበርበት፣ ጠለቅ ባለው መተላለፊያ በኩል ዞራችሁ ነው ወደ ጥልቁ የምትወጡት። ዞሩ ሩቅ ነው፣ ግን መቅዘፊያ አላችሁ ብያለሁ።

አንዳንዴ መሃል ላይ ተይዛችሁ ጋላቢ ወደ እናንተ ሲመጣ ታገኙታላችሁ። ደመ ነፍሳችሁ ከፊቱ ለመሸሽ ወደ ለስላሳው ግድግዳ ይገፋፋችኋል። ተቃራኒውን አድርጉ። እሱ የሚሄደው ወደ ለስላሳው ነው፤ እናንተ ከኋላው ወዳለው ነጭ አረፋ ቅዘፉ። አረፋው ይመታችኋል፣ ትወድቁም ይሆናል። የእሱ መንገድ ግን ክፍት ይሆናል።

መውደቅ የማይቀር ከሆነ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ላይንአፕ ሊሆን አይችልም። መጀመሪያ የረጋ ውሃ፣ ሐይቅ ወይም ወደብ። ሚዛን መጠበቅ፣ መዞር፣ ወድቆ ቦርዱን ይዞ መነሳት እዚያ ይለመዳል። ከዚያ ሰው የሌለበት ትንሽ ሞገድ። ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የተማረ ሰው ሞገድ ባያይም የትምህርቱን ግማሽ ጨርሷል።

ታዲያ ማን ያስከብረዋል?

በውድድር ላይ ዳኞች አሉ፤ ቅድሚያው የማን እንደሆነ እነሱ ያሳያሉ። በአዘቦቱ ቀን ግን ማንም የለም። በካሊፎርኒያ ነፍስ አድኖች መሃሉ ጥቁር ክብ ያለበት ቢጫ ባንዲራ ሲሰቅሉ እዚያ ክልል ሰርፊንግ ክልክል ነው ማለት ነው፤ ዋናተኞችን ለመጠበቅ። የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃም በ2008 የሳፕ ቦርድ ከዋናና ከሰርፊንግ ክልል ውጭ ሲሄድ እንደ ጀልባ እንደሚቆጠር ወስኗል፤ ስለዚህ ያኔ የሕይወት አድን ጃኬት ያስፈልጋል። ላይንአፑ ውስጥ ግን ተራው የማን እንደሆነ የሚነግራችሁ ፖሊስ አይመጣም።

ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ተመራማሪ ዕድሜዋን ያሳለፈችው በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ነው፦ የጋራ የሆነ፣ የሚያልቅ ነገር ያለ ባለቤትና ያለ መንግሥት ቁጥጥር ሰዎች እንዴት ይካፈሉታል? በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ስትወስድ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ካጠናቻቸው ነገሮች አንዱ የመስኖ ውሃ ነው፤ እኛም በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ባለባቸው አካባቢዎች ተራ የሚያካፍል “የውሃ አባት” የሚባል ሰው አለን። ኦስትሮም ካየቻቸው ዘላቂ ሥርዓቶች የጋራ ጠባይ አንዱ ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ መሆኑ ነው። ላይንአፕም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ዝም ብሎ የማየት ቅጣት አለ። ቀጥሎ እንደ ሽበታሙ ሰውዬ አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ሁሉም ቅድሚያ መስጠት ያቆምላችኋል፤ የያዛችሁት ሞገድ ላይ ሁሉ አንድ ሰው ከፊት ይገባል። ያኔ ቤት መሄድ ይሻላል።

ሥርዓቱ የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። በ1966 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አውስትራሊያዊው ናት ያንግ በ2000 አንጎሪ በሚባል ዳርቻ ላይ ከሰርፊንግ በተነሳ ጸብ ተደብድቦ የፊቱ አጥንቶች ተሰብረዋል። በኋላ ስለዚሁ ዓይነት ቁጣ መጽሐፍ አሳትሟል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሉናዳ ቤይ በሚባል ቦታ ደግሞ የሰፈሩ ሰርፈሮች እንግዳ እንዳይገባ ለአሥርተ ዓመታት ሲያስፈራሩ ኖረው ነገሩ በ2016 ፍርድ ቤት ደርሷል። ተራ ማስከበርና ቦታ መከልከል ከሩቅ ይመሳሰላሉ። የምለያቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሕጉን ያከበረ እንግዳ ሞገድ ያገኛል ወይስ አያገኝም? ካላገኘ ስነ ምግባር አይደለም።

እናንተም አንድ ቀን ትሳሳታላችሁ። ሰው ፊት ትገባላችሁ፣ ቦርዳችሁ ሰው ይነካል። ሲሆን ወዲያው ከሞገዱ ጀርባ ውጡ፣ እጃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ሰውዬው ጋ ቀዝፋችሁ ሄዳችሁ “ይቅርታ፣ ደህና ነህ?” በሉ። “አላየሁህም” አትበሉ፤ ከላይንአፑ ሰው ሁሉ በላይ ከፍ ብላችሁ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ፣ ማንም አያምናችሁም። ከዚያ ወደ ወረፋው ጠርዝ ሄዳችሁ ሁለት ቡድን ያህል ጠብቁ።